ክላራ ሹማን፦ አባት ያሠለጠናቸው፣ ቤተሰብ ያኖሩ እጆች

በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ ስማቸው ከገነነ የፒያኖ ተጫዋቾች መካከል ክላራ ሹማን በቀዳሚው ረድፍ ትሰለፋለች። ከ60 ዓመታት በላይ በመድረክ ላይ ኖራለች። ዛሬ ስሟ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከባለቤቷ ከሙዚቃ ደራሲው ከሮበርት ሹማን ጋር ተያይዞ ቢሆንም፣ በሕይወት ሳሉ ከባሏ ይልቅ በስፋት የምትታወቀው እርሷ ነበረች። ይህን ዝና ያስገኘላት ተሰጥኦ ብቻ አልነበረም፤ ገና በሕፃንነቷ የተጀመረ ጥብቅ ሥልጠና ጭምር ነው። ሥልጠናውን የሰጣት አባቷ የልጁን ሙያም ሆነ የሙያዋን ገቢ እንደ ራሱ ንብረት ይመለከት ነበር። በመሆኑም የክላራ የወጣትነት ታሪክ፣ አንዲት ልጅ የተማረችውን ሙያ ከአስተማሪዋ እጅ ተረክባ የራሷ እስክታደርገው ድረስ የተጓዘችበት ረጅም መንገድ ነው።

ክላራ ቪክ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1819 በጀርመኗ የላይፕሲግ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሪድሪሽ ቪክ የፒያኖ መምህርና ነጋዴ ነበር። እናቷ ማሪያኔም በዝማሬና በፒያኖ ችሎታዋ በከተማዋ የታወቀች ነበረች። ጋብቻቸው ግን አልጸናም፤ ክላራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ተለያዩ። በዘመኑ የሳክሶኒ ሕግ ልጆችን ለአባት ይሰጥ ስለነበር፣ ሕፃኗ አምስተኛ ዓመቷን እንደያዘች ከእናቷ ተለይታ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ክላራ አራት ዓመት አልፏት እንኳ አፏን አልፈታችም ነበር። የቤቱ ሰዎች መስማት የተሳናት ናት ብለው እስከ መጠርጠር ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ቃላት ከመናገሯ በፊት ዜማ በጆሮዋ ትይዝ ነበር።

ቪክ ልጁን ማስተማር የጀመረው በ1824 ነበር። ዘዴው በጊዜው ከነበረው ልማድ የተለየ ነው። በመጀመሪያ ኖታ አላስነበባትም፤ አጫጭር ልምምዶችን በጆሮዋ ሰምታ፣ በቃሏ ይዛ፣ በሁሉም ቅኝቶች እያዘዋወረች እንድትጫወት አደረጋት። የእጅ አንጓ እንዳይደርቅ፣ ጣት ቁልፉን እንዳይመታ ይልቁንም እንዲጫነው፣ ድምፁም እንደ ሰው ዝማሬ እንዲረዝም ይከታተል ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ትምህርት፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ ልምምድ ነበራት። ልጅን ከፒያኖ ጋር ቀኑን ሙሉ ማሰር ስሜቷን ያደነዝዛል ብሎ ያምን ስለነበር በየዕለቱ ረጅም የእግር ጉዞ አዘዘላት። ወደ ኦፔራና ወደ ኮንሰርት ይወስዳታል፤ ዝማሬ፣ ቫዮሊንና የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብም ከተመረጡ መምህራን ዘንድ አስተምሯታል። ከእነዚህ አንዱ ሪቻርድ ዋግነርን ጭምር ያስተማረው ቴዎዶር ቫይንሊግ ነበር። በአንጻሩ የቀለም ትምህርቷ አጭር ነበር፤ በመደበኛ ትምህርት ቤት የቆየችው ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው።

የዚህን አባት ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የክላራ የዕለት ማስታወሻ ነው። መዝገቡን የከፈተው ልጅቷ ገና ሰባት ዓመቷ ሳለ አባቷ ራሱ ነበር። ሲጽፍም እርሷ የጻፈችው እንዲመስል በእርሷ አንደበት ይጽፍ ነበር። ምስጋናውም፣ ቁጣውም፣ የገንዘብ ሒሳቡም በልጅቷ ስም ሰፍሯል። ክላራ አድጋ በራሷ እጅ መጻፍ ከጀመረች በኋላም ቢሆን አባቷ ማስታወሻውን ማንበቡን አላቋረጠም።

በኦክቶበር 1828፣ በዘጠኝ ዓመቷ፣ በላይፕሲጉ ጌቫንድሃውስ አዳራሽ በሌላ ተጫዋች ኮንሰርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። በኖቬምበር 1830 በዚያው አዳራሽ የራሷን ኮንሰርት አቀረበች። በቀጣዩ ዓመት አባትና ልጅ ወደ ፓሪስ ጉዞ ጀመሩ። በመንገዳቸው ቫይማር ላይ ሽማግሌው ባለቅኔ ጎተ ተቀብሎ አደመጣት፤ ምስሉ የተቀረጸበት ሜዳሊያም ሰጣት። ፓሪስ በደረሱበት ወራት ግን ኮሌራ ገብቶ ባለጠጎች ከተማዋን ለቀው ይሸሹ ስለነበር ኮንሰርቷ የታሰበውን ያህል አድማጭ አላገኘም።

የዘመኑ ኮንሰርት የዛሬውን አይመስልም ነበር። አዳራሹን የሚከራይ፣ ትኬት የሚያሳትም፣ ፒያኖውን አስፈልጎ የሚያስተካክል፣ በየከተማው ደጅ የሚጠና ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚያከናውነው ቪክ ነበር፤ የትኬቱን ገንዘብ የሚሰበስበውም እርሱ ነው። የልጁ ስኬት ደግሞ ለትምህርት ዘዴውና ለፒያኖ ንግዱ ከሁሉ የበለጠ ማስታወቂያ ሆነለት።

ክላራ በ16 ዓመቷ ራሷ የደረሰችውን የፒያኖ ኮንቸርቶ ፌሊክስ ሜንደልሶን ኦርኬስትራውን እየመራላት በጌቫንድሃውስ ተጫወተች። በ1837 ክረምት ወደ ቬየና በሄደች ጊዜ ዝናዋ ጫፍ ደረሰ። አዳራሾቹ ሞልተው ፈሰሱ፤ ባለቅኔው ግሪልፓርሰር የቤትሆቨንን ሶናታ መጫወቷን አይቶ ግጥም ጻፈላት፤ በስሟ የተጠራ ኬክም እስከ መሸጥ ደረሰ። በማርች 1838 የኦስትሪያ ቤተ መንግሥት የክብር ተጫዋችነት ማዕረግ ሰጣት። የ18 ዓመት ወጣት፣ ሴት፣ የውጭ አገር ተወላጅና ፕሮቴስታንት ለሆነች ሙዚቀኛ ይህ ያልተለመደ ክብር ነበር።

በዚህ መካከል በቤቱ ውስጥ ሌላ ጉዳይ ሥር ሰዶ ነበር። ሮበርት ሹማን በ1830 ከቪክ ፒያኖ ሊማር መጥቶ እዚያው ቤት አርፏል። የቀኝ እጁ ጣት በመጎዳቱ ተጫዋች የመሆን ተስፋው ሲቋረጥ ወደ ድርሰት አዘነበለ። ዓመታት አልፈው ሁለቱ ተዋደዱ፤ በ1837ም በምስጢር ተጫጩ። ቪክ ግን አጥብቆ ተቃወመ። በአንድ በኩል ቋሚ ገቢ የሌለው ሙዚቀኛ ልጁን ለድህነት ይዳርጋታል የሚል የአባት ሥጋት ነበረው። በሌላ በኩል የ13 ዓመት ድካሙ ፍሬ ከእጁ ሊወጣ ነበር።

በ1839 መጀመሪያ ክላራ ያለ አባቷ ወደ ፓሪስ ተጓዘች። አባቷ አብሯት የላከው የማታውቃትን አንዲት ፈረንሳዊት ብቻ ነበር፤ ምናልባትም ልጁ ብቻዋን እንደማትችል ተረድታ ትመለሳለች ብሎ አስቦ ይሆናል። የ19 ዓመቷ ወጣት ግን ሴትዮዋን አሰናብታ፣ በየከተማው አዳራሽ እየተከራየች፣ ፒያኖ እየመረጠች፣ ሒሳቧን ራሷ እየያዘች ፓሪስ ገባች። አባቷ ለዓመታት ሲሠራው ዓይኗ ያየውን ሁሉ እጇ ቻለው። ሙያው በእርግጥ የእርሷ የሆነው በዚያ ጉዞ ነው ማለት ይቻላል።

ቪክ ለጋብቻው ያቀረበው ቅድመ ሁኔታ ከባድ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ልጁ በኮንሰርቶቿ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለወንድሞቿ ትታ እንድትወጣ የሚለው ይገኝበታል። ሁለቱ ጥንዶች በሕግ ከመሟገት ሌላ አማራጭ አላገኙም። ክላራ በልጅነቷ የተለየቻትን እናቷን በርሊን ሄዳ ተጠጋች፤ ማሪያኔም ፈቃዷን ሰጠች። ቪክ ሹማን ሰካራም ነው ብሎ ከሰሰ፤ ማስረጃ ግን ማቅረብ አልቻለም። ፍርድ ቤቱ በኦገስት 1840 ጋብቻውን ፈቀደ። ሴፕቴምበር 12 ቀን፣ 21ኛ ዓመቷን ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ተጋቡ። አባትና ልጅ የታረቁት ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ትዳሩ በፍቅር የተሞላ ቢሆንም ቀላል አልነበረም። ሮበርት ድርሰት ሲጽፍ ቤቱ ጸጥ ማለት ስላለበት ክላራ ልምምዷን የምታደርገው እርሱ ከቤት ሲወጣ ነበር። በ14 ዓመታት ውስጥ ስምንት ልጆች ወለደች፤ አንዱ ገና በሕፃንነቱ ሞተ። ያም ሆኖ ከመድረክ አልራቀችም፤ በ1844 እስከ ሩሲያ ተጉዛ ተጫውታለች።

በፌብሩዋሪ 1854 ሮበርት አእምሮው ታውኮ ራይን ወንዝ ውስጥ ራሱን ወረወረ። ከሞት ቢተርፍም በቦን አቅራቢያ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባ። ክላራ በዚያ ጊዜ የመጨረሻ ልጇን አርግዛ ነበር። ባሏን እንድትጠይቀው የተፈቀደላት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በጁላይ 1856 ዐረፈ።

የ36 ዓመት መበለትና የሰባት ልጆች እናት ሆነች። ወዳጆቿ በስሟ የእርዳታ ኮንሰርት ሊያዘጋጁላት ቢነሡ አልተቀበለችም። ሠርታ መኖርን መረጠች። ልጆቿን ለሞግዚት፣ ለዘመድና ለአዳሪ ትምህርት ቤት አደራ ሰጥታ በየክረምቱ ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከጀርመን ወደ እንግሊዝ ተጓዘች። ይህ የራሱ ዋጋ ነበረው፤ ልጆቿ እናታቸውን ለወራት አያዩአትም፤ ታናናሾቹ እያደጉ ያወቋት በአብዛኛው በደብዳቤ ነው። ገንዘቡ ግን የትምህርታቸው ክፍያ፣ የኪራይና የሕክምና ወጪ ሆነ። ጽኑ የእጅ ሕመም ይዟት ለወራት ከመድረክ በራቀችበት ጊዜ እንኳ እጇ እንደዳነ ተመለሰች። ከልጆቿ አራቱ ከእርሷ በፊት ሞቱ፤ በኋላም የልጇን ልጆች የማሳደግ ኃላፊነት በጫንቃዋ ወደቀ።

በ1878 በፍራንክፈርት አዲስ በተከፈተው የሆህ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዋና የፒያኖ መምህር ሆነች። በጊዜው ለሴት እንዲህ ያለ ሥልጣን ሲሰጥ አይታይም ነበር። ከብዙ አገር ለመጡ ተማሪዎቿ ያስተማረችው ከአባቷ የወረሰችውን ነው፦ ድምፅን እንደ ዝማሬ ማሰማት፣ ልምምድን በልክ ማድረግ፣ ከራስ ትርኢት ይልቅ ለደራሲው ሐሳብ መታመን። የመጨረሻ ኮንሰርቷን በ1891 አቀረበች። ሜይ 20 ቀን 1896 በፍራንክፈርት ዐርፋ ቦን ከባለቤቷ ጎን ተቀበረች።

ክላራ በቃል ይዞ መጫወትን በመድረክ ካስለመዱት ቀዳሚ ተጫዋቾች አንዷ ናት። በኮንሰርት ብዙም የማይሰሙ የነበሩትን የቤትሆቨንን ሶናታዎች ለሕዝብ አድርሳለች፤ የባለቤቷንም ሥራዎች በዓለም አሳውቃለች። ጀርመን ከ1990 ጀምሮ ባወጣችው የ100 ማርክ ኖት ላይ የወጣትነት ምስሏን አትማ፣ ዩሮ እስኪተካው ድረስ በሕዝብ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። በዚያ ዕድሜዋ የእጇን ገቢ የራሷ ለማድረግ ፍርድ ቤት የቆመችው ወጣት፣ በመጨረሻ በአገሯ ገንዘብ ላይ ቦታ አገኘች።