ካሚጆ ካሞንጂና የተራራው ምድጃ

በጃፓን አገር፥ ካሚኮቺ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ፥ ሚዮጂን ከተባለው ኩሬ አጠገብ አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች። ወደ ውስጥ የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው በወለሉ መካከል የሚነደውን ምድጃ ነው። በእሳቱ ዙሪያ በእንጨት የተሰኩ ዓሣዎች ቀስ እያሉ ይጠበሳሉ፤ ጢሱም ወደ ጠቆረው ጣሪያ ይወጣል። እንግዳው ቀና ሲል ደግሞ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሁለት ዕቃዎችን ያያል። አንደኛው አሮጌ የአዳኝ ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው በበረዶ ላይ ለመውጣት የሚያገለግል፥ እጀታው ረዘም ያለ መጥረቢያ ነው። ጠመንጃው የጎጆዋ መሥራች የካሚጆ ካሞንጂ ነበር፤ መጥረቢያውን ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ ለወዳጅነት መታሰቢያ ሰጥቶታል። የካሞንጂን ሕይወት ለማወቅ ከእነዚህ ሁለት ዕቃዎች መነሣት ይበቃል። በአንደኛው እንጀራውን አገኘ፤ በሁለተኛው ምክንያት ስሙ ከተራራው አልፎ ተሰማ።

እንግዲህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ታሪክ አይደለም። መጽሐፍ ያልጻፈ፥ ሹመት ያልነበረው የአንድ አዳኝ ታሪክ ነው።

ካሞንጂ የተወለደው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የትውልድ አገሩ ዛሬ ናጋኖ በሚባለው አውራጃ ውስጥ፥ ከማትሱሞቶ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው የተራራ ሥር መንደር ነበር። ከዚያ ወደ ካሚኮቺ ለመድረስ በዚያ ዘመን መኪና የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። መንገደኛው ከሺማሺማ መንደር ተነሥቶ ወንዝ ለወንዝ እየተጓዘ፥ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቶኩጎን በር ካለፈ በኋላ ወደ ሸለቆው ይወርድ ነበር። ጠቅላላው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሸለቆው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፥ በዙሪያው 3,000 ሜትር የሚያልፉ ተራሮች ቆመውበታል። ክረምቱን በሙሉ በረዶ ይዘጋዋል።

የሸለቆው ደን የማትሱሞቶ መስፍን ነበር። ካሞንጂም ገና በልጅነቱ ከእንጨት ቈራጮች ጋር ሥራ ሊለምድ ወደዚያ ገባ። በ1868 ዓ.ም. የሜይጂ መንግሥት ሲቆም 21 ዓመቱ ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. መንግሥቱ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደንብ ሲያወጣ ደግሞ ካሞንጂ የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆኗል። ስለዚህ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ አገሪቱን ሲለውጧት፥ የእርሱ ትምህርት ቤት ደኑና ገደሉ ሆነው ቀሩ።

በ1880 ዓ.ም. በሚዮጂን ኩሬ አጠገብ ጎጆውን ሠራ። በረዶው ሲቀልጥ ኢዋና የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ያጠምዳል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ድብንና ካሞሺካ የሚባለውን ፍየል መሰል የተራራ አውሬ ያድናል። ያገኘውን በትከሻው ተሸክሞ፥ በሩን አልፎ፥ በመንደር ይሸጣል። ምድጃው ለእርሱ መሞቂያ ብቻ አልነበረም፤ ዓሣው ሳይበላሽ መንገዱን እንዲችል በጢስ የሚያደርቅበት ሥራ ቤቱም ነበር። አውሬ ማደን ግን ከመተኮስ በፊት ማወቅን ይጠይቃል። ድብ በየትኛው ገደል እንደሚያልፍ፥ በረዶ በየትኛው ወር ከየት እንደሚናድ፥ ጉም ሲወርድ በየትኛው ጅረት ተመርቶ እንደሚመለስ ያላወቀ አዳኝ ዕድሜ የለውም። ካሞንጂ ይህን ሁሉ በእግሩ ተማረ።

ይህ ዕውቀት ዋጋ ያገኘው በ1893 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ዓይነት ሰዎች የእርሱን እርዳታ ፈልገው ወደ ሸለቆው መጡ። የመጀመሪያዎቹ የጃፓን ጦር ሠራዊት የመሬት ቅየሳ ክፍል ሰዎች ነበሩ፤ አለቃቸውም ታቴ ኪዮሂኮ ይባላል። የአገር ካርታ የሚነሣው በተራራ ጫፎች ላይ ምልክት ተተክሎ፥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየታየ ማዕዘን ሲለካ ነው። ስለዚህ ቀያሹ መሣሪያው የቱን ያህል ጥሩ ቢሆን፥ ጫፉ ላይ መድረስ ካልቻለ ሥራው ከንቱ ነው። ወደ ማኤ ሆታካ ጫፍ የመራቸው ካሞንጂ ነበር።

ሁለተኛው እንግዳ ዋልተር ዌስተን ነው። ዌስተን በ1861 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በደርቢ ተወልዶ፥ በ1888 ዓ.ም. በሚስዮናዊነት ወደ ጃፓን የመጣ ቄስ ሲሆን፥ ከዚያ በፊት የስዊስን ተራሮች የወጣ ሰው ነበር። እርሱም በዚያው ዓመት 3,090 ሜትር ከፍታ ያለውን ማኤ ሆታካን ለመውጣት ፈለገ፤ መንገድ መሪ አድርጎ የያዘውም ካሞንጂን ነው። ሁለቱ ሰዎች በአገር፥ በሃይማኖትና በትምህርት የተራራቁ ነበሩ። በገደሉ ላይ ግን ሚዛኑ ተገለበጠ። ተምሮ የመጣው ሰው ከገለባ የተጎነጎነ ጫማ ያደረገውን አዳኝ እግር በእግር ተከተለ።

በ1896 ዓ.ም. ዌስተን ስለ ጃፓን ተራሮች የጻፈው መጽሐፍ በሎንዶን ታተመ፤ የካሞንጂንም ስም በውስጡ አኖረ። መጽሐፉ ወደ ጃፓን ተመልሶ ሲገባ ታላቅ ነገር አስከተለ። በዮኮሃማ ባንክ ውስጥ ይሠራ የነበረ ኮጂማ ኡሱይ የሚባል ወጣት በ1902 ዓ.ም. ያሪ የሚባለውን ሾጣጣ ተራራ ከወጣ በኋላ ከመጽሐፉና ከደራሲው ጋር ተዋወቀ። በዌስተን ምክርና ማበረታቻም ኮጂማና ጓደኞቹ በ1905 ዓ.ም. የጃፓንን የተራራ ወጪዎች ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች በዕረፍታቸው ወደ ተራራው ይጎርፉ ጀመር።

እነዚህ ወጣቶች መንገድ የሚመራ ሰውና የሚያድሩበት ጣሪያ ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ የካሞንጂ ኑሮ መልኩን ለወጠ። ዓሣ የደረቀበት ምድጃ እንግዳ የሚሞቅበት ሆነ፤ አውሬ ፍለጋ የተረገጠው ዱካ የተራራ ወጪዎች መንገድ ሆነ። ሥራውም በአንድ ሰው አልቀረም። ልጁ ካዮኪቺ አባቱ ያሳየውን ተከትሎ መንገድ መሪ ሆነና፥ በ1909 ዓ.ም. ኡዶኖ ማሳኦ ከሚባል ተራራ ወጪ ጋር ከሆታካ እስከ ያሪ ያለውን አስፈሪ ሸንተረር ተሻገረ።

ዌስተንም ወዳጁን አልረሳም። በ1911 ዓ.ም. እንደ ገና ወደ ጃፓን በመጣ ጊዜ፥ አንዳንድ ጊዜም ከባለቤቱ ከፍራንሲስ ኤሚሊ ጋር፥ ካሞንጂን ይዞ ተራሮቹን ወጣ። መሪው ያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፎ ነበር። በ1915 ዓ.ም. ከሸለቆው አጠገብ ያለው የያኬ ተራራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፥ የወረደው ጭቃ የአዙሳን ወንዝ ገደበውና ታይሾ የተባለው ኩሬ ተፈጠረ። ካሞንጂ በልጅነቱ ያወቀው ሸለቆ በዓይኑ ፊት ተለወጠ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1917 ዓ.ም.፥ በ70 ዓመቱ ዐረፈ።

ብዙ ሥራዎች ከመሥራቹ ጋር ይቀበራሉ። የካሞንጂ ጎጆ ግን በዘሩ እጅ ቀጠለች። ሌሎችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ኢማዳ ጁታሮ የሚባል መንገድ መሪ በ1924 ዓ.ም. በሆታካ ወገብ ላይ፥ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፥ ማረፊያ ሠራ፤ ሆካሪ ሚሱኦ ደግሞ በ1926 ዓ.ም. በያሪ ትከሻ ላይ ሌላ ሠራ። እነዚህም የቤተሰብ ሥራዎች ሆነው ቆዩ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የእንግዳ ቤት መያዝ የከተማ ሆቴል እንደ መያዝ አይደለም። ሩዙም፥ ማገዶውም፥ ምስማሩም በሰው ጀርባ መውጣት ነበረበት፤ ሄሊኮፕተር የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚበላው በረዶ በሌለበት በጥቂት ወር ተሠርቶ ይገኛል። ባለቤቱም አልጋ አከራይ ብቻ ሳይሆን መንገድ ጠጋኝ፥ የአየር ጠባይ ነጋሪ፥ የጠፋ ሰው ፈላጊም ነው።

በ1930ዎቹ መኪና ወደ ካሚኮቺ ደረሰ፤ በ1934 ዓ.ም. ሸለቆው በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ተካተተ። ዛሬ የግል መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ፥ ጎብኚው በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ይደርስና ወደ ሚዮጂን ኩሬ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ ይሄዳል። የጎጆዋን የምድጃ ክፍል የጃፓን መንግሥት በቅርስነት መዝግቦታል። ለዌስተን ደግሞ በ1937 ዓ.ም. በሸለቆው ቋጥኝ ላይ የነሐስ ምስል ተቀረጸለት። በጦርነቱ ጊዜ ወርዶ፥ በ1947 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በየዓመቱ በጁን ወር መጀመሪያ መታሰቢያው ይከበራል።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስቡ እንወዳለን። ካርታው በቀያሹ፥ መጽሐፉ በደራሲው ስም ይጠራል። ሁለቱም ግን የተሠሩት በአንድ አዳኝ ዱካ ላይ ነው። ዌስተን ያን አዳኝ ስም የሌለው ተሸካሚ አድርጎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ ተጓዦች እንዲሁ አድርገዋል። እርሱ ግን ስሙን ጻፈ። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ እኛ ዛሬ ስለ ካሞንጂ ለመናገር ባልቻልን ነበር፤ ካሞንጂ ባይመራውም ዌስተን ስለዚያ ጫፍ የሚጽፈው ባልኖረው ነበር።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል የእኛ ሰው። ከትምህርት ቤት የወጣን ወጣቶች ብዙ ጊዜ ለመለካት፥ ለመቁጠርና ለመጻፍ እንላካለን። በምንደርስበት ስፍራ ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ገደሉን በእግሩ ያጠና ሰው አለ፤ እርሱ ከፊት ሆኖ ሲመራን እንከተለዋለን፥ ወረቀቱ ላይ ስንደርስ ግን እንረሳዋለን። ስሙን በወረቀቱ ላይ ማኖር ውለታ ሳይሆን ዕዳን መክፈል ነው። በሚዮጂን ኩሬ አጠገብ ጠመንጃውና መጥረቢያው በአንድ ግድግዳ ላይ መሰቀላቸው ይህንኑ ያሳያል፤ ከበታቻቸውም የካሞንጂ የልጅ ልጆች ዛሬ ድረስ እሳቱን ያነድዳሉ።