ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፤ ነርስ

በአዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ብሎ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው ከአንዲት ነርስ መታሰቢያ አጠገብ ይወርዳል። በዚያ ያለው ሆስፒታል ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ እስኪለወጥ ድረስ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልቲቱ ያረፉት ግን አዲስ አበባ ሳይሆን ነቀምት ነው። የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ሲያዘኝ መሐንዲስ እመርጣለሁ ብሎ እንደ ጠበቀ አልጠራጠርም። ነርስ የመረጥሁበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጊዳ አያና ወረዳ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ጄኔሬተር ለመትከል ሄጄ ነበር። የደረስሁት ማታ ነውና ሥራው ለነገ ተባለ። በዚያው ሌሊት አንዲት ነርስ የእጅ ስልኳን መብራት በጥርሷ ነክሳ ይዛ አንዲት እናት አዋለደች። ይህን የነገረችኝ በማግሥቱ ጄኔሬተሩ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ጀብዱ ሳይሆን የመብራቱ ማውጫ በየትኛው ግድግዳ ላይ መሆን እንዳለበት ልታስረዳኝ ብላ ነው። የአራት ወር የዱቲ ክፍያ እንዳልተከፈላትም አያይዛ ጠቀሰች። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አገሩን ሁሉ ሲያከራክር፣ ነርስነት የበጎ አድራጎት ጥሪ እንጂ የእንጀራ ሥራ አይደለም የሚሉ ሰዎችን በሰማሁ ቁጥር ያች ሴት ትታወሰኝ ነበር። የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አልናገርም፤ የመሳፍንት ልጆች አስተዳደግ በሌሎች መጻሕፍት ተጽፏል። በሕዝብ ዘንድ ድምፃቸው የተሰማው የጣሊያን ወረራ በቀረበበት ወቅት ነው። እቴጌ መነን በራዲዮ ለዓለም ሴቶች የሰላም ጥሪ ሲያስተላልፉ፣ ልዕልት ፀሐይ መልእክቱን በእንግሊዝኛ አሰሙ። ገና አሥራ ስድስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ጦርነቱ ሲጀመርም የከተማው ሴቶች ለቁስለኛ ፋሻ በሚያዘጋጁበት ማኅበር ውስጥ ሠሩ። ቁስለኛ ሞልቶ የሠለጠነ አስታማሚ ግን በጣት የሚቈጠር እንደ ነበረ ያዩት ያን ጊዜ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው፣ በኢየሩሳሌም በኩል እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ መኖሪያቸውም ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ሆነ። ስደቱ ምቾት የነበረበት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ገንዘብ አጥሯቸው የብር ዕቃ እስከ መሸጥ የደረሱበት ጊዜ ነበር። ልዕልቲቱ ከዚህ ቤት ወጥተው በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ተመዘገቡ፤ በ1931 ዓ.ም.ም የሕፃናት ነርስነት ማዕርጋቸውን አገኙ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪ ነርስ ምን ዓይነት ኑሮ እንደ ነበራት ማወቅ ለነገራችን ያስፈልጋል። ተማሪዋ በስሙ ተማሪ ትባል እንጂ የሆስፒታሉን የዕለት ሥራ ተሸክማ የምታቆመው እርሷ ነበረች። ወለል ከመጥረግና የአልጋ አንሶላ ከመለወጥ ትጀምራለች፤ የምታድረው በሆስፒታሉ ማደሪያ ነው፤ ስትገባና ስትወጣ ሰዓቷ ይቈጠራል። ምግቧና መኝታዋ እንደ ክፍያ ስለሚታሰብ በእጇ የሚገባው ገንዘብ ጥቂት ነበር። ነርስነት የተጠሩበት እንጂ የተቀጠሩበት ሥራ አይደለም የሚለው አባባል በዚያም አገር የተለመደ ነበርና፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ያለች ነርስ እንደ ክፉ ትታይ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ገና በሥልጠና ላይ ሳሉ፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ ማኅበር ያቋቋሙ ነርሶች በለንደን መንገዶች ላይ ሰልፍ ወጡ። የጠየቁት የሥራ ሰዓታቸው በሁለት ሳምንት ከ96 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው ነበር። ልዕልቲቱ ሰልፉን ይዩት አይዩት ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ በእጄ ባይኖርም፣ የሚሠሩበት ሙያ በዚያች ከተማ የሚከራከርበትን ጉዳይ ሳይሰሙ ሦስት ዓመት አሳለፉ ማለት ግን ይከብዳል።

ክርክሩ በምን እንዳበቃ ልጨምር፤ ለእኛም ትምህርት አለበትና። ጦርነቱ ሲበረታ ነርስ ጠፋ። መንግሥት በ1933 ዓ.ም. ገደማ የአሠሪዎችንና የነርሶችን ተወካዮች በአንድ ጠረጴዛ የሚያገናኝ፣ በሎርድ ራሽክሊፍ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ከሁለት ዓመት በኋላ ለአገሩ ሁሉ አንድ የደመወዝ እርከን አወጣ፤ ከጭማሪው ግማሹን መንግሥት ለመሸፈን ተስማማ። የተጠሩበት ሥራ ነው የሚለው አባባል ከዚያ በኋላም አልጠፋም፤ ሆኖም የደመወዝ እርከን ሊተካ እንደማይችል በወረቀት ላይ ሰፈረ።

ልዕልት ፀሐይ ከዚያ ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተዛውረው የአዋቂዎች ነርስነት ሥልጠና ቀጠሉ። ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች የተደበደበችበት ጊዜ ነበር። አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ሥልጠናቸውን ትተው ተመለሱ። በደሴ ሆስፒታል በነርስነት ሠሩ፤ ዘመናዊ ሆስፒታልና የነርሶች ትምህርት ቤት የማቋቋም አሳብም ነበራቸው። ከዚያ አቢይ አበበን አገቡ። አቢይ አበበ የወለጋ ገዥ ሆነው ሲሾሙ ልዕልቲቱም አብረው ወደ ነቀምት ወረዱ።

ነቀምት በዚያን ጊዜ ከብዙ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ይልቅ በሕክምና የተሻለች ነበረች ቢባል ስሕተት አይሆንም። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ከጦርነቱ በፊት የተከለው የተፈሪ መኰንን ሆስፒታል በዚያ ነበረ። ጦርነቱ ግን ገና ማለፉ ነው፤ መድኃኒቱም ባለሙያውም ተመናምኗል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በነሐሴ ዝናብ ምን እንደሚመስል የመንገድ ሥራ ባልደረቦቼ ይገምቱት። ልዕልት ፀሐይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሦስት አልሞላም ነበር፤ ልጅም አልተረፋቸውም። አስከሬናቸው በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባረፉበት ሕንፃ ውስጥ ተቀበረ። ባለቤታቸው አቢይ አበበ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን በከፍተኛ ሹመት አገልግለው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ባለ ሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

የንጉሥ ልጅ፣ ራሳቸውም ነርስ የሆኑ ሴት፣ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ሚስት፣ ሆስፒታል ባለበት ከተማ በወሊድ ሞቱ። ይህን ስጽፍ ለራሴ የጠየቅሁት፣ በዚያው ክረምት በጊዳ አያናና በኪረሙ ስንት እናቶች ስማቸው ሳይመዘገብ እንደ ሞቱ ነው።

ሞታቸው በእንግሊዝ ወዳጆቻቸውን ክፉኛ አሳዘነ። ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ ታሳትም የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት ለመታሰቢያቸው የሚሆን ሆስፒታል ለማሠራት ገንዘብ ታሰባስብ ጀመር። ሆስፒታሉ በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በውስጡም ነርሶች ይሠለጥኑ ነበር። በዚያው ዘመን በነቀምቱ የተፈሪ መኰንን ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተቋቁሞ የወለጋን ልጆች ማስተማር ጀመረ። ልዕልቲቱ በሕይወት ሳሉ ያሰቡት ነገር፣ ባለፉበት ከተማ በሌሎች እጅ ተሠራ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልመለስ። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ የኑሮ ውድነቱ ደመወዝተኛውን ሁሉ ጐድቷል። የጤና ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አቅርበው የሠላሳ ቀን ጊዜ ሰጡ፤ መልስ አላገኘንም ብለው ከግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ አቆሙ። መንግሥት ድርጊቱን ሕገ ወጥ አለው፤ በርካታ ባለሙያዎችም ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ለሠራተኛ የሥራ ማቆም መብት ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል መብቱ የሚኖራቸው የትኞቹ እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ደግሞ ሥራ ማቆም የማይፈቀድባቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር ሆስፒታልንና ክሊኒክን ከመብራት ኃይል፣ ከውኃ፣ ከእሳት አደጋና ከቴሌ ጋር አንድ ላይ አስቀምጧል። አንባቢዬ የማኅበራችን አባል ነውና ዝርዝሩን ደግሞ ያንብበው፤ ከነርሷ ቀጥሎ እኛው ተጽፈናል።

ሥራ ማቆምን የሚቃወሙት ወገኖች የሚያነሡት ምክንያት ቀላል አይደለም። ግንባታ ቢቆም ኮንትራክተሩ ይከስራል፤ ሲሚንቶውም ቢደርቅ ሌላ ይገዛል። የጊዳ አያና ወላድ ግን ሌላ ሆስፒታል ፍለጋ መሄድ ቀላል አይሆንላትም፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በደረሰው ግጭትም መንገዱ በየጊዜው ይዘጋ ነበር። እኔም የማዋለጃ ክፍል በር ተቈልፎ ማየት አልፈልግም። ነገር ግን ከአንድ ሙያ ሥራ የማቆምን መብት የሚያነሣ ወገን፣ በምትኩ በተወሰነ ቀን ፍርድ የሚሰጥ ሸንጎ ሊያቆም ግዴታ አለበት እላለሁ። እንግሊዞች ቦምብ እየወረደባቸው ያደረጉት ይህን ነው። እርግጥ ኮሚቴ ለዘላለም አይበቃም፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የዚያ አገር የነርሶች ሮያል ኮሌጅ ከተመሠረተ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመላው እንግሊዝ አድማ ሲመታ፣ አድማው ከተጠራባቸው ሆስፒታሎች መካከል ልዕልት ፀሐይ የሠለጠኑባቸው ግሬት ኦርመንድ ስትሪትና ጋይስ ይገኙበታል። በአድማው ቀን ግን አስቸኳይ ሕክምና በስምምነት እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር።

ልዕልቲቱን የበጎ አድራጎት ምሳሌ አድርጎ ማንሣት ተገቢ ነው። ሆኖም በስደት የብር ዕቃ ቢሸጥም እንኳ የፌርፊልድ ቤት በር ለልጁ ክፍት ነበር፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ የምትመለስበት እንዲህ ያለ ቤት የላትም። የአንዷን ልግስና ለሌላዋ ደመወዝ መለኪያ ማድረግ የስሌት ስሕተት ነው፤ በእኛ ሙያ ቢሆን ሕንፃ ይጥላል።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ያችን የጊዳ አያና ነርስ በዚያው ወር በስልክ አገኘኋት፤ ግጭቱ ወደ ነቀምት አምጥቷታል። ስለ ጭማሪው ስጠይቃት የቤት ኪራይዋም በዚያው ወር መጨመሩን ነገረችኝ። ጄኔሬተሩስ አልኋት፤ ትታው ስትወጣ ይሠራ እንደ ነበር መለሰችልኝ። የሌሊት ተረኛ ስለ ነበረች ብዙ አልተነጋገርንም።