ሂዩበርት ሃምፍሪ፣ ፊኛው ከወጣ በኋላ

አሜሪካዊው ሂዩበርት ሃምፍሪ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በ1968 በኒክሰን በጠባብ ልዩነት ተሸንፎ ፕሬዚዳንትነት ያመለጠው ሰው እየተባለ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ ግን ይበልጥ ልናወሳ የፈለግነው የመጨረሻ አሥራ አምስት ወራቱን ነው። ሽንትን በሆድ ላይ በተበጀ ቀዳዳ ማስወጣት ከሰው ተራ መውጣት የሚመስለው ወገን ስላለ፣ ይህን ታሪክ ማወቅ ይበጃል ብለን እናምናለን።

ሃምፍሪ በ1911 በደቡብ ዳኮታ ተወለደ። በአባቱ መድኃኒት ቤት ሠርቷል፤ በ1945 የሚኒያፖሊስ ከንቲባ፣ በ1949 የሴኔት አባል ሆነ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ በሴኔት እንዲያልፍ ዋናውን ድርሻ የተወጣው እርሱ ነበር። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን የሰላም ጓድ መምህራን የሚያስታውስ አንባቢም፣ የዚያን ድርጅት የመጀመሪያ ረቂቅ ሕግ በ1957 ያቀረበው ሃምፍሪ መሆኑን ይወቅ። ከ1965 እስከ 1969 ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ ግን የቬትናምን ጦርነት ደግፎ ቆመ፤ ይህን ልንሸፍንለት አንችልም።

በሽታው ራሱን ያሳየው በዚሁ የሥልጣን ዘመኑ ነው። በ1967 ሽንቱ ላይ ደም ታየ። ተመረመረ፤ ነገር ግን ሐኪሞቹ ነቀርሳ ነው፣ አይደለም በሚለው ላይ አልተስማሙም። በ1973 የጨረር ሕክምና ተደረገለት፤ በ1976 ነቀርሳው ሥር ሰድዶ ተገኘና በጥቅምት ወር ኒው ዮርክ ላይ ፊኛው በቀዶ ጥገና ወጣ። በ1994 ተመራማሪዎች ከ1967 ጀምሮ ተጠብቆ የቆየውን የሽንቱን ናሙና ሲመረምሩ፣ ከጊዜ በኋላ በእጢው ውስጥ የተገኘው የዘር ለውጥ ያኔውኑ እንደነበረ ደረሱበት። ደም የቀላቀለ ሽንት፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ ሳይመረመር የማይታለፈው ለዚህ ነው። ዋናው ጠንቅ ትምባሆ ነው፤ በግብፅ ደግሞ ቢልሃርዚያ ለብዙ ዘመን ከዚሁ ነቀርሳ ጋር ተያይዞ ኖሯል።

በዚያን ዘመን ፊኛው ለወጣለት ሰው የተለመደው፣ ብሪከር የተባለው ሐኪም በ1950 ያስተዋወቀው ዘዴ ነበር፤ ዛሬም ይሠራበታል። ከትንሹ አንጀት አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ከነደም ሥሩ ይለያል፤ ከኩላሊት የሚወርዱት ሁለት ቱቦዎች በአንደኛው ጫፍ ይሰፉበታል፤ ሌላው ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ ይወጣል። ሽንቱን የሚገታ ጡንቻ ስለሌለ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ ስለዚህ በቆዳው ላይ ከረጢት ይለጠፋል። ከረጢቱ ሳይሞላ ይደፋል፤ ማታ ከትልቅ መያዣ ጋር ይገናኛል፤ በየጥቂት ቀኑ ይለወጣል። ልኩ ካልገጠመ ያፈስሳል፣ ቆዳውንም ያቃጥላል። ቀዳዳው በቀበቶ መስመር ወይም በቆዳ እጥፋት ላይ እንዳይውል ቦታው ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ሕመምተኛው ቁጭ ብድግ እያለ ቢመረጥ፣ ከዚህ ጣጣ አብዛኛው ይቀራል። ሰው በጓዳ የሚያንሾካሹክበትም ጉዳይ አለ፦ ወንዱ በነርቮች መጎዳት ምክንያት ግንኙነት ማድረግ ሊሳነው ይችላል። ይህን ቀደም ብሎ ለባልና ለሚስት መንገር የሐኪሙ ግዴታ ነው እንላለን፤ ዝምታው ከቀዳዳው ይልቅ ትዳር ያናጋልና።

ወደ ሃምፍሪ እንመለስ። ፊኛው በወጣ በወሩ የሚኒሶታ ሕዝብ ለስድስት ዓመት መልሶ መረጠው። በጥር 1977 የሴኔቱን የአብላጫ መሪነት ተመኝቶ ነበር፤ እንደማያሸንፍ ሲያይ ለቢርድ ለቀቀ። በመድኃኒት ሕክምናው ሰውነቱ ከስቶ፣ ፀጉሩም ሳስቶ፣ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ሥራ እንዲያገኝ የሚያስበውን ረቂቅ ሕግ ከሆኪንስ ጋር ይዞ ይከራከር ነበር። በነሐሴ 1977 ነቀርሳው ተመልሶ በዳሌው ውስጥ ተስፋፍቶ ተገኘ፤ ሐኪሞቹም ሊወጣ እንደማይችል አስታወቁ። ለሞት ያበቃው ይኸው ነቀርሳ እንጂ ከፊኛው መውጣት በኋላ የኖረው ኑሮ አልነበረም። በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሴኔቱ ተመለሰ፤ በኅዳር 3 ቀንም በተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቆሞ ተናገረ። በጥር 13 ቀን 1978 ዌቨርሊ በሚገኘው ቤቱ አረፈ። ከሆኪንስ ጋር የደከመበት ሕግ፣ ብዙ ነገሩ ተሸርሽሮም ቢሆን፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ጸደቀ።