ሁለት ጊዜ ነፃ የወጣው ኦኔሲሞስ

በኤቨን የሁዳ በየፋሲካው ከግብፅ መውጣትን ለልጅ ልጆቻችን ለምንተርክ ሽማግሌዎች የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ባዕድ አይሆንብንም። ኢሉባቦር የተወለደው ሂካ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነፃ አወጣውና የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ።

እጁ ቀድሞ ተፈታ፤ ልቡ የተፈታው ግን በ1872፣ በክርስቲያኖች ፋሲካ ሲጠመቅ ነው። ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለጌታው የጻፈለት ባሪያ ስም ነው።

ደስታውን ለብቻው አልያዘውም። እንደሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ፣ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ በኦሮምኛ ታተመ። በ1904 ወለጋ ገብቶ ነቀምት ላይ አስተማረ። ተከሰሰ፣ እንዳይሰብክም ተከለከለ፤ እሱ ግን በ1931 እስኪሞት ሥራውን አልተወም። የእስራኤልን ከባርነት መውጣት የገዛ ወገኑ በእናቱ ቋንቋ የሰማው በሱ ድካም ነው።