ለቤት አየር የታገለችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ አካባቢ ዝናቡ ረዥም ወራት ስለሚቆይ በገጠሩ ጎጆ እሳት የሚነደው አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውስጥ ነው። እናት እንጀራ ስትጋግርም ሆነ ቡና ስትቆላ ያዘለችው ሕፃን አብሯት ጭሱን ይስባል። ይህ ጭስ ለሳንባ ምች፣ ለሥር የሰደደ ሳልና ለዓይን ሕመም ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። የቤት አየር የጤና ጉዳይ መሆኑን አስቀድመው በብርቱ ካስተማሩት ሰዎች አንዷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት።

ፍሎረንስ ከሀብታም እንግሊዛውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1820 በኢጣሊያ ተወለደች፤ ስሟም የተወለደችበት ከተማ ስም ነው። በዚያን ዘመን ሕመምተኛ ማስታመም የተናቀ ሥራ ስለነበረ ቤተሰቦቿ አጥብቀው ተቃወሟት። እርሷ ግን ከዓላማዋ ሳትመለስ እ.ኤ.አ. በ1851 ጀርመን አገር ሄዳ ሙያውን ተማረች።

የክሪሚያ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ፣ 38 ሴቶች አስከትላ በቱርክ አገር ወደሚገኘው የስኩታሪ ጦር ሆስፒታል ዘመተች። ሆስፒታሉ ተጨናንቆ፣ የቆሻሻ መውረጃው ተደፍኖ፣ አየሩም ታፍኖ አገኘችው። ወታደሩን ይገድለው የነበረው ከቁስሉ ይልቅ በሽታ ነበር። በ1855 የመጣ የንጽሕና አጣሪ ቡድን መውረጃውን አስጠረገ፣ ግድግዳውን በኖራ አስለቀለቀ፣ አየር ማስገቢያም አስከፈተ። በወራት ውስጥ፣ ከ100 ሕሙማን 42 ያህሉን ይገድል የነበረው መቅሠፍት ወደ 2 ያህል ወረደ።

ፍሎረንስ ከጦርነቱ በኋላ ሟቾቹን በየምክንያታቸው ቆጥራ በሥዕላዊ መግለጫ ለባለሥልጣናት አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው የማስታመም መጽሐፏ ለጤናማ ቤት ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ውኃ፣ የፍሳሽ መውረጃ፣ ጽዳትና ብርሃን እንደሚያስፈልጉ አስተማረች። በእርግጥ መጥፎ አየር ራሱ በሽታ ይወልዳል ብላ ታምን ስለነበረ፣ ስለ ተዋሲያን የተገኘውን እውቀት ለመቀበል ዘግይታለች። ሆኖም መስኮት ይከፈት ማለቷ ዛሬም ትክክል ነው።

ለብዙ ዓመታት ታማ ከአልጋ ብትውልም ሥራዋን አላቋረጠችም። እ.ኤ.አ. በ1892 በእንግሊዝ ገጠር የሠለጠኑ ሴቶች ከቤት ቤት እየዞሩ እናቶችን በአክብሮት እንዲያስተምሩ አደረገች። በእርሷ አስተሳሰብ፣ ከአዳራሽ ንግግር ይልቅ በገዛ ቤት ውስጥ በተግባር የሚታይ ትምህርት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1910 በ90 ዓመቷ አረፈች።

በአገራችንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በጅማ የሠለጠኑ የጤና ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ከኅብረተሰቡ መካከል ገብተው ሲቀስሙ ኖረዋል። ይሁን እንጂ የባለሙያ ምክር ብቻውን ጭስን አያስወጣም።

ብዙ ገበሬ ጭሱ ከቆጥ ላይ ያለውን በቆሎ ያደርቃል፣ ነቀዝም ያባርራል በማለት ይከራከራል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን በቆሎውን የሚያደርቀው ጭስ የልጁንም ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ በቆሎው በፀሐይ ደርቆ ጎተራ ይግባ፤ ማድቤቱ ከመኝታው ይለይ፤ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ ይከፈት። ከቡና ግርዛት የሚገኘው እንጨት ከዝናብ ተጠልሎ ይድረቅ፤ እርጥብ እንጨት ጭሱ ይበዛልና። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጭሱን ግን ፈጽሞ ስለማያጠፋ መስኮቱ መከፈቱ አይቀርም።

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሥራውን ከራሳቸው ቤት ቢጀምሩ፣ የሚያስሉ ሕፃናትንም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ቢመዘግቡ፣ ጎረቤት አይቶ ይከተላል። በስኩታሪ ሕይወት ያተረፈው አየር በየጎጆው ደጃፍ ያለ ዋጋ ይነፍሳል፤ የሚቀረው ማስገቢያውን መክፈት ነው።