የአንበሳ ጎፈር ያደረጉት ሳክስፎኒስት፦ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያና እኛ የኮልፌ የሮክ ልጆች

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ካረፉ አሥር ዓመት ሆናቸው። መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው ያረፉት፣ በ81 ዓመታቸው። ያን ቀን እኛ ምን እየሠራን እንደነበር አናስታውስም። ምናልባት ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ቆመን፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን ኒርቫና እየሰማን ይሆናል። ሰውየው እዚሁ አዲስ አበባ ሲኖሩ ስማቸውን እንኳን አናውቅም ነበር። ይሄ ነገር እስካሁን ይቆጨናል።

ሮክ ወደኛ ሰፈር የገባው በሚሞሪ ካርድ ነው። አንድ ጓደኛችን ኒርቫናና ሊንኪን ፓርክ ስልኩ ላይ አስጭኖ መጣ፣ እኛም በብሉቱዝ ተቀባበልነው። አንድ ዘፈን እስኪያልፍ ስልክና ስልክ አጠጋግቶ መቆም ነበር፤ መሀል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ። ግጥሙ ግማሹ አይገባንም። ጊታሩ ሲጮህ ግን ለማንም ያልተናገርነው ነገር ሁሉ አብሮት የሚወጣ ይመስለን ነበር። ቤት ውስጥ ደሞ የሰይጣን ዘፈን ነው እየተባለ ስንት ጊዜ ስልክ ተነጥቀናል መሰላችሁ። እኛም በበኩላችን ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ያገራችን ሙዚቃ እንዲህ አይጮህም ብለን ደምድመን ቁጭ አልን።

ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አየር ጤና አካባቢ ዋይፋይ ያለው ቤት ቁጭ ብለን ዩቲዩብ ላይ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ አንዱ ስንዘል አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር፣ እጃቸው ላይ ሳክስፎን። ከኋላቸው ፈረንጆች ጊታር ይዘው እንደ እብድ ይወዛወዛሉ። መጀመሪያ ሳቅን። ትንሽ ቆይተን ግን ዝም አልን። የሚጫወቱት ሽለላ ነው እኮ! ሰርግ ላይ አጎቶቻችን ዱላ ይዘው ሲነሱ አፍረን ከድንኳን የምንወጣበት፣ ያው ሽለላ። ስማቸውን ፈልገን ስናነብ ሞተዋል ይላል።

ጋሽ ጌታቸው የተወለዱት መጋቢት 1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ነው። እሳቸው ዓመት ሳይሞላቸው ጣሊያን አገሪቱን ወረረ። ሽለላና ፉከራ ለዚያ ዘመን ሰው የእውነት ነገር ነበር፤ ሲዘምቱም ሲመለሱም ይሰማል። ልጁ ጌታቸው በክራርና በማሲንቆ ጀመሩ፣ ቀጥሎ ክላርኔት፣ ከዚያ ሳክስፎን ያዙ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የሙዚቃው መዝገብ የተያዘው በዚያ ስለሆነ።) በ1949፣ ገና የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ገቡ። በ1955 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት እዚያ ተቀጠሩ። በ1965 ደሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። የኛ ኮልፌ የፖሊስ ሰፈር ስለሆነች (ማንዴላ እንኳን በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ነው) ይቺን ስናነብ ትንሽ ኮራ ብለናል፣ አንዋሽም።

ታዲያ እሳቸውን ከሌላው ሳክስፎን ነፊ የለያቸው ምንድነው? ሽለላ የሰው ድምፅ ሥራ ነው። ሸላዩ ቃሉን ይጎትተዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ድንገት ይቆርጠውና ትንፋሽ ሳይሰበስብ እንደገና ይነሳል። ጋሽ ጌታቸው ያንን ሁሉ ወስደው በብረቱ ውስጥ አስገቡት። ሽለላን ያለ ዘፋኝ፣ በሳክስፎን ብቻ ካስቀረጹት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ናቸው። ሥራውን የምር ስለያዙት መድረክ ላይ የአርበኛ ልብስ ለብሰው፣ ጎፈር አድርገው ይወጡ ነበር። በኋላ የሰሟቸው የውጭ ሃያሲዎች እንደ ኦርኔት ኮልማን ካሉት የአሜሪካ የፍሪ ጃዝ ሰዎች ጋር አመሳሰሏቸው። እኛ ግን ይሄ ማመሳሰል ብዙም አይጥመንም። ሰውየው የሸላይ ልጅ አገር ተወልደው ሌላ ቦታ መፈለግ ምንድነው?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ ሸክላቸውን አወጣ። ያ ሸክላ በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ውስጥ 14ኛ ሆኖ በሲዲ ታተመ። ዓለም የሰማቸው ያኔ ነው።

እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ አለ፣ በ1979 የተመሠረተ። በ2002 ኢትዮጵያ መጥተው ተጫውተዋል። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን አምስተርዳም ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን ጋበዟቸው፣ ከሌላ የሆላንድ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር እንዲጫወቱ። እሳቸው ግን ፓንኮቹን መድረክ ላይ ሲያዩ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው፤ የሚቀጥለውን ሥራዬን ከናንተ ጋር ነው የምሠራው አሏቸው። ዕድሜያቸው 69 ነበር! ብዙ ሰው ፈረንጆች አገኟቸው ብሎ ነው የሚያወራው። ባንዱን የመረጡት ግን እሳቸው ናቸው።

በ2006 ሞአ አንበሳ የሚለው አልበም ወጣ። አብረው አውሮፓን ዞሩ፣ በ2012 ደሞ ሌላ አልበም ጨመሩ። ሞአ አንበሳን ስትሰሙት ጊታሮቹ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳሉ፣ ከሥር ግን ያለው የራሳችን ችክችካ ነው። ሳክስፎኑ በዛ ሁሉ ጩኸት መሀል አይጠፋም፤ እንዲያውም ጊታሮቹ ናቸው እሱን የሚያሯሩጡት። በነገራችን ላይ ስልኩን ነጥቀውን ከነበሩት አባቶች አንዱን አስደምጠናቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምተው ማን እንደሆነ ጠየቁን። ጌታቸው መኩሪያ ናቸው ስንላቸው ስሙን ያውቁታል። ድሮ በሬዲዮ ሰምተዋቸዋል።

ባለፈው ሎሚ ሜዳ አንድ ሰርግ ላይ የጓደኛችን አጎት ሊሸልሉ ሲነሱ ከድንኳን አልወጣንም። ስልክ አውጥተን ቀረጽናቸው። ከመሀላችን ጊታር የሚሞክረው ልጅ ቅጂውን ወስዶ ሊከተላቸው እየታገለ ነው፤ እስካሁን የመጀመሪያዋን ጉተታ እንኳን አልያዘም።