ሹመቱን እምቢ ያሉት ኢማም



በዚህ እትም የምናስታውሳቸው የወሎ ደረሶች ጭምር ፊቅሃቸውን ሲቀሩት የኖሩትን ታላቁን ኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) ነው።

ስማቸው ኑዕማን ኢብን ሳቢት ነው። በ80 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 699) በኢራቅ፣ በኩፋ ከተማ ተወለዱ። ከሸይኻቸው ሐማድ ኢብን አቢ ሱለይማን ዘንድ ረጅም ዘመን ፊቅህ ቀርተው፣ ሐማድ በ120 ሲሞቱ የማስተማሪያ ቦታቸውን ተረከቡ። መተዳደሪያቸው ግን የሐር ጨርቅ ንግድ ነበር። አንድ ቀን የንግድ ሸሪካቸው ጉድለት ያለበትን ጨርቅ ለገዢው ሳይነግር ቢሸጠው፣ የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ሶደቃ እንዳደረጉት ይተረካል። የሚበሉት ከሱቃቸው ስለነበር የሹማምንትን ስጦታ አይፈልጉም ነበር።

በኡመውያ ዘመን ማብቂያ የኢራቁ አገረ ገዢ ኢብን ሁበይራ ሹመት አቀረበላቸው። እምቢ አሉ፤ ተገረፉ። ዐባሲዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ደግሞ የባግዳድ መሥራች ኸሊፋ አቡ ጀዕፈር አል መንሱር ቃዲ እንዲሆኑ አዘዛቸው። ለቦታው እንደማይበቁ ነገሩት። ዋሽተዋል ቢላቸው፣ እንግዲያው ውሸታም ሰው ለቃዲነት እንደማይሾም መለሱለት ይባላል። ኸሊፋው አሰራቸው። በ150 (እ.ኤ.አ. 767) ባግዳድ ውስጥ አረፉ፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እስር ላይ እያሉ እንደሞቱ ጽፈዋል።

ፍርድን ንቀው ነበር? በፍጹም፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በፊቅህ ነው። ችግሩ ቃዲውን የሚሾመው፣ የሚያሳድገውና የሚሽረው አንድ እጅ መሆኑ ነበር። እኛ ላብራቶሪ የምንውል ተማሪዎች ይህ ይገባናል፤ የሚለካው ነገር መለኪያውን ማዛባት ከቻለ ንባቡ አይታመንም።

ሆኖም ሁሉም እምቢ ቢል ሕዝቡን ማን ይዳኘዋል? ደረሳቸው አቡ ዩሱፍ (ረሒመሁላህ) ሌላውን መንገድ መረጡ። ቃዲ ሆኑ፤ በሃሩን አል ረሺድ ዘመንም የቃዲዎች ሁሉ አለቃ፣ ማለትም የመጀመሪያው ቃዲ አል ቁዷት ተባሉ። የሌሎች ቃዲዎች ሹመት በእርሳቸው ምክር የሚያልፍ ሆነ። በ182 (እ.ኤ.አ. 798) ሊሞቱ ሲሉ አንድ ነገር እንደቆጫቸው ይነገራል፤ አንድ ክርስቲያን ሃሩንን ከሶ በቀረበ ጊዜ ሁለቱን እኩል አላስቀመጧቸውም ነበር። የፈረዱት ለክርስቲያኑ ነው፤ ያም ሆኖ የመቀመጫው ነገር አላስተኛቸውም።

ከመካከላችን ነገ ከሕግ ትምህርት ክፍል ወጥቶ ችሎት የሚቀመጥ አለ። ይቀበል ወይስ ይተው የሚለውን ለመወሰን ከሁለቱ አንዱን መምሰል ይችላል። በሁለቱም መንገድ ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ነገ ቢሻር፣ ዛሬ የሚፈርደውን ያንኑ ይፈርድ ነበር?

አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው። ወላሁ አዕለም።